እንግሊዝኛና ኮሙኒኬሽን፤ ሦስተኛው ቋንቋም አይረሳ

ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ወጣቶች የትምህርት ክፍል የሚመርጡበት ቀን ሲደርስ፥ «እንግሊዝኛን ላጥና ወይስ ኮሙኒኬሽንን?» እያሉ ሲያወጡና ሲያወርዱ ይታያሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱን አጣምሮ መማር ይበልጣል፤ ይህንም የምለው ሥራ ለማግኘት ስለሚመች ብቻ ሳይሆን አገሩ ራሱ የሚፈልገው ሙያ ስለ ሆነ ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን የሰቆጣ ቃል ኪዳን ነው። እንደሚታወቀው መንግሥት ይህን ቃል ኪዳን ያወጣው በ2007 ዓ.ም. ሲሆን፥ ዓላማው እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማጥፋት ነው። ስለዚሁ ጉዳይ የሚጻፈው ጥናትና ከውጭ ረጂዎች ጋር የሚደረገው መጻጻፍ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ ቋንቋውን የማያውቅ ሹም በገዛ አገሩ ስም የተጠራውን ነገር ከአስተርጓሚ አፍ ይሰማል ማለት ነው።

ነገር ግን እንግሊዝኛው ብቻውን ከቢሮ አይወጣም። ባለሙያው ቃሉን «መቀንጨር» ብሎ ተረጐመው እንበል፤ በመንደር ግን «ቀንጫራ» ስድብ ነው። «ልጅሽ ቀንጭሯል» የተባለች እናት ምክሩን ከመስማቷ በፊት ትቀየማለች፤ የጎረቤቶቿም ልጆች አጫጭሮች ከሆኑ «ዘራችን ነው» ብላ ታልፈዋለች። «ከአነጋገር ይፈረዳል፥ ከአያያዝ ይቀደዳል» የተባለው ለዚህ ነው። ነገር እንዴት እንደሚነገር፥ ለማን እንደሚነገር፥ የተሰማውም በትክክል መግባቱን መመርመርን የሚያስተምረው የኮሙኒኬሽን ሙያ ነው።

በዋግ ኽምራ ደግሞ ብዙ እናቶች በቤታቸው የሚነጋገሩት በኽምጣና ነው። ምክሩ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፥ ከአማርኛም ወደ ኽምጣና ሲሻገር በየመሻገሪያው አንድ ነገር ሊጥል ይችላል። «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ» ከሚለው ምክር «ብቻ» የምትለዋ ቃል በመንገድ ከቀረች፥ ሕፃኑ ውኃ ወይም ቅቤ ይቀምሳል፤ ጥፋቱም የመልእክተኛው እንጂ የእናቲቱ አይደለም።

አንዳንዶች «እናቲቱ እንግሊዝኛ አትሰማ፤ ታዲያ ምን ይረባታል?» ይላሉ። እርሷ ግን «ላሚቱ ነጥፋለች፤ እንቁላሉንም ሸጬ ጨው እገዛበታለሁ» ብትል፥ ይህ ቃሏ ገንዘብ ከሚመደብበት ጠረጴዛ መድረስ አለበት፤ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚነበበው ወረቀት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ስለዚህ የተማረው ልጅ መልእክት አውራጅ ብቻ ሳይሆን አቤቱታ አድራሽም መሆን ይገባዋል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ለዕረፍት ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ስለ ሕፃናት አመጋገብ በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። ለእናታችሁ ወይም ለአክስታችሁ በቤታችሁ ቋንቋ ንገሯቸውና፥ የሰሙትን መልሰው እንዲነግሯችሁ ለምኗቸው። በመንገድ የጣላችሁትን ቃል ያን ጊዜ ታገኙታላችሁ።