በትንሽ ማራገቢያ ምክንያት ትልቅ ዕቃ ስለ መጣል

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ያለው ሰፈር ነፋስ ስልክ የተባለበት ምክንያት ለብዙዎች የታወቀ ነው። ድምፅ ያለ ገመድ ከአገር ወደ አገር ሲሻገር የሰማ የዚያ ዘመን ሰው፣ ቃሉን የሚያመላልሰው ነፋስ ነው ብሎ አዲሱን መሣሪያ ነፋስ ስልክ አለው፤ ስሙም ከመሣሪያው አልፎ ለቦታው ቀረ። ዛሬ በዚሁ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በመካኒሳም ሆነ በለቡ በጀሞም፣ ነፋስ ሌላ ሥራ ይዞ ይገኛል። በኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን፣ ባለሙያዎች ግራፊክስ ካርድ የሚሉትን ሰሌዳ፣ ከቃጠሎ የሚጠብቀው እርሱ ነው፤ ነፋሱንም የምታቀርበው ከእጅ መዳፍ የማትሰፋ ማራገቢያ ናት፤ በገበያ ፋን ይሏታል። ይህች ማራገቢያ ስትደክም ስለሚደረገው፣ ይልቁንም ስለማይደረገው ነገር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ በብዙ መሥሪያ ቤት ካለመደረጉ የተነሣ የመንግሥት ገንዘብ በከንቱ ይወጣልና።

ግራፊክስ ካርድ ማለት በኮምፒዩተሩ መስተዋት ላይ የሚታየውን ሥዕል ሁሉ አስልቶ የሚያወጣ ሰሌዳ ነው። የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣ መሐንዲስ፣ የከተማ ካርታ የሚያዘጋጅ ቀያሽ፣ የበዓልን ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያቀናብር የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሁሉ በዚህ ሰሌዳ ይገለገላል። ሥራውም ብዙ ስለ ሆነ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የበላውንም ኤሌክትሪክ ከሞላ ጐደል ሁሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው አርቲኤክስ 4090 እስከ 450 ዋት ይወስዳል፤ ይህም የአንድ ልብስ መተኰሻ ካውያ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። ያን የመሰለ እሳት በአንድ ትንሽ ቺፕ ላይ ሲሰበሰብ፣ በላዩ የተደረበው የመዳብና የአልሙኒየም ብረት ሙቀቱን ይስባል፤ ማራገቢያዋም ከብረቱ ላይ ጠርጋ ታወጣለች።

የአዲስ አበባም አየር በዚህ ነገር የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አገር አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ በዝግታ ዞራ ልትበቃ የምትችል ማራገቢያ በላፍቶ ያንኑ ያህል ሙቀት ለማውጣት መፍጠን አለባት፤ እርግጥ የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ይህን ጉዳት በብዙ ይክሰዋል። አቧራው ግን ካሣ የለውም። ሕንፃ በሚሠራበት፣ መንገድ በሚቈፈርበት ሰፈር ክረምቱ ካለፈ በኋላ የሚነሣው አቧራ በማራገቢያዋ ክንፍ ላይ እንደ ጥጥ ይጋገራል።

ማራገቢያዋ በአንድ ቀን አትሞትም። በመካከሏ ያለው ኩሽኔታ በጥቂት ዘይት ይዞራል፤ ዘይቱም በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይደርቃል። በመጀመሪያ ጠዋት ማሽኑ ሲከፈት እንደ ፌንጣ ትጮኻለች፤ ሰንብታም ድምፅዋ ይጐረብጣል፤ በመጨረሻ በጣት ካልተገፋች አትነሣም። ሰሌዳው በበኩሉ ራሱን የሚጠብቅበት ብልሃት ተሠርቶለታል፤ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲሄድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዚያም አልፎ ሲብስ ሥዕሉን አጥፍቶ ይቆማል። ንድፍ አውጪው ይህን ሲያይ ቫይረስ ገባበት ይላል፤ አለቃው ደግሞ አርጅቷል ይላል፤ ሽፋኑን ከፍቶ የሚያይ ግን የለም።

መድኃኒቱ ልምድ ላለው እጅ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ኤሌክትሪኩ ይነቀላል፤ ሠራተኛው የማሽኑን ብረት ነክቶ በአካሉ የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ያራግፋል፤ ከዚያ ሰሌዳው ወጥቶ የሽፋኑ ብሎኖች በትንሽ ካቻቢቴ ይፈታሉ፤ የማራገቢያዋም ሽቦ ከመሰኪያው በቀስታ ይለቀቃል። በእምብርትዋ ላይ የተለጠፈው ቁጥር መነበብ ያለበት በዚህ ጊዜ ነው። የስፋቷ ልክ በሚሊ ሜትር፣ የብሎን ቀዳዳዎቿ ርቀት፣ የሽቦዎቿ ቁጥር ሁለት ወይም ሦስት ወይም አራት መሆኑ፣ የምትሠራበትም ኃይል፣ እርሱም ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ ከምትተካው ጋር ካልተስማማ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። አቧራው በብሩሽ ይጠረጋል። ብረቱ ከቺፑ ካልተላቀቀ በመካከላቸው ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት አይነካም፤ ከተላቀቀ ግን አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት ይደረግበታል። አዲስ ማራገቢያ ከመፈለግ ይልቅ የምግብ ዘይት ጠብ የሚያደርግባት ሰው አይታጣም፤ ይህ ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኛታል፤ ኋላ ግን ዘይቱ ከአቧራው ጋር ተቀላቅሎ ሙጫ ይሆናል።

ሥራው ይህን ያህል ከቀለለ ስለ ምን አይሠራም ቢባል፣ መልሱ የሚገኘው ከመሣሪያ ሳጥኑ ሳይሆን ከግምጃ ቤቱ መዝገብ ነው። ኮምፒዩተሩ በሞዴል 19 ሲገባ በሞዴል 22ም ሲወጣ እንደ አንድ ዕቃ ይጻፋል፤ ማራገቢያዋ በመዝገብ ስም የላትም። ስለ እርስዋ ሦስት ፕሮፎርማ ይምጣ ቢባል ነጋዴው በዋጋዋ ትንሽነት ወረቀቱን መጻፉን ይንቀዋል፤ ከትንሽ ጠጋኝ ሱቅ ትገዛ ቢባልም የሚሆን ደረሰኝ አይገኝም። ስለዚህ ሹሙ አጭሩን መንገድ ይመርጥና አዲስ ኮምፒዩተር ይጠይቃል፤ ይህኛው በበጀቱ ውስጥ ስም አለውና ይፈቀድለታል። አሮጌው ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ድረስ በኮሪደር ተደርድሮ አቧራ ሲጠጣ ይኖራል። እንዲህ ያለው ሹም ሌባ አይደለም፤ ደንቡን አክብሮ ነው ገንዘቡን ያባከነው፤ ነገሩንም የሚያከፋው ይኸው ነው።

ጥፋቱ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። በዚያ ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ከውጭ አገር በውጭ ገንዘብ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ደካማ ማራገቢያ ያለበት ሰሌዳ ሁሉ ይዳናል ማለት ግን አይደለም። ለብዙ ጊዜ በሙቀት የተሠቃየ ቺፕ ነፋስ ቢያገኝም ላይመለስ ይችላል፤ ይህም ሌላ ማራገቢያ ለጊዜው ደግፎ ሰሌዳውን በመፈተን ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ይታወቃል። ዋስትናው ያላለፈ ዕቃ ከሆነ ሽፋኑን ከመክፈት ለሻጩ መመለስ ይሻላል። ከገበያ የሚገዛውም ያገለገለ ሰሌዳ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኢቴሪየም የተባለው የኮምፒዩተር ገንዘብ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ሲለውጥ፣ እርሱን ለማምረት ሌትና ቀን ሲዞሩ የነበሩ ብዙ ሰሌዳዎች በዓለም ገበያ ተበትነዋልና። በእነዚህ ላይ ቀድማ የምታልቀው ማራገቢያዋ ናት።

ከወረቀቱ ችግር በስተኋላ ሌላ የቈየ ነገር አለ፤ እርሱም ጠጋኝን መናቅ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድበውን ሰው በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ቢቀርም ንቀቱ ሙሉ በሙሉ አልቀረም። አዲስ ዕቃ ያስገባ ሹም በስብሰባ ይመሰገናል፤ አሮጌውን ያዳነ ሠራተኛ ስሙም አይነሣ። ካህናት ግን ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የብራና መጽሐፍ ጥራዙ ሲላላ፣ ቆዳውም ሲቀደድ ለደጓሽ ይሰጣል እንጂ አይጣልም፤ ደጓሹም በደብሩ የተከበረ ሰው ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ የንፋስ ስልክ ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ አለ። በአገሪቱ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የኮምፒዩተር ጥገና በደረጃ ተከፍሎ የሚሰጥ ትምህርት ስለ ሆነ፣ መሥሪያ ቤቶች ተማሪዎቹን ለልምምድ በዓመት ሁለት ጊዜ ተቀብለው ማሽኖቻቸውን ቢያስከፍቱና ቢያስጠርጉ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። የገንዘብ ክፍሎችም ለጥቃቅን መለዋወጫ የሚሆን የእጅ ገንዘብ ወስነው፣ አሮጌዋን ማራገቢያ በማስረከብ አዲስዋን የሚያወጣ ቅጽ ቢያዘጋጁ የደረሰኙ ጭንቀት ይቀንሳል። የግምጃ ቤት ሹም ኮምፒዩተር ሲረከብ የማራገቢያዋን ቁጥር በዚያው መዝገብ ላይ ቢጽፍ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨምረው። የመጀመሪያው ጠረጋ ለኅዳር ቢመደብ መልካም ነው፤ በዚያን ጊዜ ዝናቡ ቆሞ አቧራው መነሣት ጀምሯል፤ ሁለተኛውም በግንቦት፣ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይሆናል።