የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል

ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። አሜሪካ የምንኖር ሰዎች በዚህ ሰዓት የሚደወል ስልክ እንፈራለን። ወይ የአገር ቤት መርዶ ነው፣ ወይ የሰዓቱ ልዩነት የጠፋበት ዘመድ ነው። የዚያን ሌሊቱ ግን ከሁለቱም አልነበረም። ከዋሽንግተን ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት የማውቃቸው እናት ናቸው። «ልጄ፣ እንደገና ተነሳበት። የመኝታ ቤቱን በር ገነጠለው። ምን ይሻለኛል?» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ብዙ ዓመት እዚህ አገር ታክሲ የነዳሁ አዋቂ ነኝ አይደል? «እትዬ፣ 911 ይደውሉ፤ መጥተው ሆስፒታል ይወስዱልዎታል» አልኳቸው። ደወሉ። የመጡት ግን ሐኪሞች ሳይሆኑ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። ልጁ እጁን ሲይዙት አንደኛውን ገፈተረው። በቃ! የተወሰደው ሆስፒታል ሳይሆን እስር ቤት ሆነ፤ ክሱም ፖሊስ መምታት። የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል ይባል የለ? የዚያን ሌሊት ድንጋዩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እንግዲህ ይህን የምጽፈው እንደ ፖለቲካ ተንታኝ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ነው።

ከዚያ በፊት እኚህ እናት ልጃቸውን ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ወስደውት ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «ራሱንም ሰውንም አይጎዳም፤ ሳይፈቅድ ልናስተኛው አንችልም» ተብለው ተመለሱ። ይኼ ሕግ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኬኔት ዶናልድሰን የሚባል ሰው ፍሎሪዳ ውስጥ ማንንም ሳይጎዳ ወደ 15 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ በአእምሮ ሆስፒታል ተዘግቶበት ኖሮ፣ በ1975 (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አደገኛ ያልሆነና ውጭ መኖር የሚችል ሰው ሊታገት አይገባም ብሎ ፈረደለት። ደግ ፍርድ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን በተግባር የሆነውን ተመልከቱት፦ አደገኛ ካልሆነ ሆስፒታል አይገባም፤ አደገኛ ሲሆን ደግሞ እስር ቤት ይገባል። ታዲያ ሆስፒታል የሚገባው መቼ ነው?

መልሱን ያገኘሁት ፍርድ ቤት ነው። ዳኛው ልጁ ክሱን መረዳት መቻል አለመቻሉ ይመርመር አሉ። ለምርመራው ወረፋ አለ፤ አይችልም ከተባለ በኋላም ለሆስፒታል አልጋ ሌላ ወረፋ አለ፤ ወረፋውን የሚጠብቀው እስር ቤት ሆኖ ነው! በመጨረሻ አልጋ ተገኘ፣ መድኃኒት ተሰጠው፣ ረጋ። እኛም እሰይ ብለን ደስ ሲለን ጠበቃው ነገሩን አስረዳን። ልጁ የሚታከመው እንዲድን ሳይሆን ለመከሰስ እንዲበቃ ነው። ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ዐቃቤ ሕጉ ማን እንደሆነ ለይቶ ከተናገረ ሕክምናው ሥራውን ጨርሷል፤ ወደ ችሎት ይመለሳል። ጉድ እኮ ነው! ይህ በኛ ልጅ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። የዋሽንግተን ግዛት (ዋና ከተማው ሳይሆን በምዕራብ ያለው) እንዲህ ያሉ እስረኞችን ከልክ በላይ በማስጠበቁ በ2023 አንዲት የፌዴራል ዳኛ 100 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዘውበታል።

ለመሆኑ ነገሩ ከየት መጣ? በታክሲዬ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ስሻገር ኮረብታው ላይ አንድ ትልቅ ግቢ አያለሁ። ሴንት ኤልዛቤትስ ይባላል። በ1855 የፌዴራል መንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የተከፈተ ነው። እንዲቋቋም የታገሉት ዶሮቴያ ዲክስ የሚባሉ መምህርት ናቸው። እኚህ ሴት በ1841 ማሳቹሴትስ ውስጥ እስር ቤት ገብተው ሲያስተምሩ የአእምሮ ሕሙማን ከወንጀለኞች ጋር በብርድ ታጉረው አገኙ። «እነዚህ ሰዎች ቦታቸው እዚህ አይደለም» ብለው ከግዛት ግዛት ዞሩ፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ተሠሩ። የአሜሪካ የአእምሮ ሆስፒታል ታሪክ እንግዲህ ከእስር ቤት ሰው ከማውጣት ጋር አብሮ ያደገ ነው።

ሆስፒታሎቹ በኋላ እነሱ ራሳቸው እስር ቤት መሰሉ። በ1955 ከ550 ሺህ በላይ ሰዎች በግዛት ሆስፒታሎች ታጭቀው ነበር። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የገዛ እህታቸው ሮዝመሪ በ1941 በጭንቅላት ቀዶ ሕክምና አካለ ስንኩል ሆና የቀረችባቸው ሰው ናቸውና፣ በጥቅምት 1963 ሕሙማኑ በየሰፈራቸው እንዲታከሙ የሚል ሕግ ፈረሙ። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ተገደሉ። ሆስፒታሎቹ ባዶ የመሆናቸው ነገር ቀጠለ፤ የሰፈሩ ሕክምና ግን በአብዛኛው ወረቀት ላይ ቀረ። በ1965 የወጣው የድሆች መድን ሕግ ደግሞ በአእምሮ ሆስፒታል ለሚተኛ ጎልማሳ አልከፍልም አለ። ግዛቶቹም ቶሎ ገባቸው፦ ሰውየውን ማስወጣት ገንዘብ ማዳን ነው!

ካርተር በ1980 ነገሩን ለማቃናት አዲስ ሕግ አወጡ። ሬገን በ1981 ዋና ዋናውን ሰረዙት። ቀኑን ልብ በሉልኝ። በመጋቢት 1981 ሬገንን ዋሽንግተን ሂልተን ደጃፍ ላይ በጥይት የመታቸው ጆን ሂንክሊ የአእምሮ ሕመምተኛ ነበር። ሕጉን የሰረዙት ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይተው በዚያው ዓመት በጋ ነው። ሂንክሊም በ1982 በአእምሮ ሕመም ምክንያት ጥፋተኛ አይደለም ተብሎ ሴንት ኤልዛቤትስ ገባ። አገሩ በቁጣ ነደደ፤ ኮንግረሱም በ1984 ይህን መከራከሪያ አጠበበው። የሚገርመው፣ ሂንክሊ ታክሞ በ2016 ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ማንንም ሲተኩስ አልተሰማም። ሕክምና ይሠራል ማለት ነው። ፕሬዚዳንት የተኮሰ ያገኘውን ሕክምና በር የገነጠለ አለማግኘቱ ነው የኔ ጥያቄ።

ሪፐብሊካኖቹን ብቻ ስወቅስ ደስ ያላችሁ ዴሞክራቶች ካላችሁ ቆዩ። ክሊንተን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በጥር 1992 ቅስቀሳውን አቋርጠው አርካንሶ ገቡ፤ የሞት ፍርድ ሲፈጸም በግዛቱ ውስጥ ለመገኘት። የሚገደለው ሪኪ ሬይ ሬክተር ነበር። ፖሊስ ገድሎ የገዛ ጭንቅላቱን በጥይት የመታ፣ ከአንጎሉ የተቆረጠለት ሰው ነው። ከመጨረሻው ምግቡ ላይ ጣፋጩን ሳይበላ ለበኋላ ብሎ አስቀመጠው። ለበኋላ! ክሊንተን ግን ወንጀል ላይ የማይለሳለስ ሰው መሆናቸውን አሳዩ፣ ምርጫውንም አሸነፉ። የ1994ቱን የወንጀል ሕግም የፈረሙት እሳቸው ናቸው። የሆስፒታል አልጋ ጨምሮ ምርጫ ያሸነፈ ፖለቲከኛ እዚህ አገር አላየሁም፤ እስር ቤት ሠርቶ ያሸነፈ ግን ሞልቷል።

ታዲያ ዛሬ ትልልቆቹ የአእምሮ ሕሙማን ማደሪያዎች የት ናቸው? የሎስ አንጀለስ እስር ቤት፣ የቺካጎው የኩክ ካውንቲ እስር ቤት፣ የኒውዮርኩ ራይከርስ ደሴት። የአገሬው ሰዎች ራሳቸው እንዲህ ነው የሚጠሯቸው። እንዲያውም ሕገ መንግሥቱ ሕክምና ይገባዋል የሚለው ሰው እስረኛ ነው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1976 ወስኖለታል። ውጭ ያለው ድሃ እንዲህ ያለ መብት የለውም። የዲክስ ሥራ ዞሮ ዞሮ እዚያው ተመለሰ። ሴንት ኤልዛቤትስስ? አንዱ ጥግ ላይ አነስ ያለ አዲስ ሆስፒታል ቀርቶለታል። የቀድሞው ዋና ሕንጻ ግን በ2019 የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤት ገባበት። እኔ ቀልድ አልጨመርኩበትም።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሐምሌ 2025 ጎዳና ላይ ያሉ ሕሙማን ያለ ፈቃዳቸውም ቢሆን ተቋም እንዲገቡ የሚያበረታታ ትእዛዝ ፈረሙ። ሐሳቡን ገና በስሙ አልጠላውም። አንዳንድ ሰው ታማሚ መሆኑን የሚረዳበት አእምሮ ራሱ ታሞበታል፤ ይኼን ከእናቱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ግን አልጋው የታለ? አልጋ ሳይኖር ሰብስቡ ማለት መኪናው የሚቆምበት በር ያው የእስር ቤቱ ነው።

የሚሠራ ነገር አልታየም ማለት ደግሞ ሐሰት ነው። ኦሪገን ውስጥ ዩጂን በምትባል ከተማ ከ1989 ጀምሮ እንዲህ ያለ ስልክ ሲደወል መሣሪያ ያልያዙ የሕክምና ባለሙያና አማካሪ በመኪና ይላኩ ነበር። ብዙ ከተሞች ለመቅዳት መጥተው አይተውታል። በ2025 ግን ገንዘብ አጥሮት እዚያው በተወለደበት ከተማ ተቋረጠ።

የኛ ልጅ ጥፋተኛ ነኝ ብሎ፣ የታሰረው ታስቦለት ወጣ። አሁን የወንጀል መዝገብ አለው፤ ሥራ ሲጠይቅ መዝገቡ ይቀድመዋል። እናቱ አዲስ አበባ ወስደው ጸበል ሊያስጠምቁት ያስባሉ፤ እኔ ደግሞ ክኒኑን እንዳያቋርጥ እለምናለሁ። ባለፈው ሳምንት በዚያው ሰዓት እንደገና ደወሉ። «ዛሬ ደግሞ አልተኛም፤ ለማን ልደውል?» አሉኝ። ምክር አልሰጠሁም። የታክሲዬን ቁልፍ አንስቼ ወጣሁ።