ደለል የሌለው ግድብ

“ከእንግዲህ ተማሪው ወደ ዓለም መሄድ አያስፈልገውም፤ ዓለም ራሷ ወደ ተማሪው ትመጣለች።”

ይህን ያሉት ነቢይ ወይም ባለቅኔ አይደሉም። ባለፈው ሰኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ በተካሄደ ዐውደ ጥናት ላይ ንግግር ያደረጉ አንድ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ናቸው። ስማቸውንም ዩኒቨርሲቲያቸውንም አልጠራም፤ ጠቤ ከሐሳባቸው እንጂ ከሳቸው ጋር አይደለምና። የዕለቱ ርእስ “ምናባዊ ዓለም በከፍተኛ ትምህርት” የሚል ነበር። ፈረንጆቹ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉት መሆኑ ነው። ሙያዬ መጻፍ ነውና እኔም ደብተሬን ይዤ ከኋላ ተቀምጫለሁ።

ሻይ ቡናው ካለቀ በኋላ አንድ ጥቁር ትልቅ መነጽር ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። ተራዬ ደርሶ ዓይኔ ላይ ባጠለቅሁት ጊዜ አዳራሹ ጠፋ። ራሴን በአንድ ግዙፍ ግድብ አናት ላይ ቆሜ አገኘሁት። ውሃው እንደ መስታወት የጠራ፣ ዳርቻው በመቀስ የተከረከመ የሚመስል፣ ሰማዩ ቁራጭ ደመና የሌለበት። ወደ ታች ባየሁ ጊዜ ጉልበቴ ራደ፤ ሳላስበው አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው ትከሻ ጨበጥኩ። አዳራሹ ሳቀ። አልዋሽም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ደስታዬ የቆየው ቤቴ እስክደርስ ነው።

ቤቴ ገፈርሳ ነው። ከአስኮ በቡራዩ በኩል ወደ አምቦ የተጓዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከመንገዱ ዳር የተኛውን ሰፊ ውሃ አይቶ “ሐይቅ ነው እንዴ?” ብሎ ያልጠየቀ እንግዳ ጥቂት ነው። ሐይቅ አይደለም፤ ትንሹ አቃቂ ገና ከምንጩ ሳይርቅ ተገድቦ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ለገዳዲ ሳይታሰብ፣ ድሬ ሳይወለድ፣ አዲስ አበባን ያጠጣ የነበረው ይኸው ነው። ዛሬ አካባቢያችን ሸገር ከተማ በሚባለው ሥር ቢጠቃለልም፣ ገፈርሳ ዕድሜው ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖ አሁንም ውሃ ይሰጣል።

የጎረቤቴ ልጅ የውሃ ምሕንድስና ተማሪ ናት፤ ሦስተኛ ዓመት። የሷ ዩኒቨርሲቲና የሰውየው ዩኒቨርሲቲ አንድ አይደሉም። ያየሁትን ስነግራት ፈገግ አለች።

“ጋሼ፣ እኛም እኮ አይተናል። የመስክ ጉብኝቱ ቀርቶ በመነጽር ሆኗል ተብለን ነበር። ለአንድ ሰው አምስት አምስት ደቂቃ ደረሰን።”

“ሌላ ግድብስ አይተሽ ታውቂያለሽ?”

“አላውቅም።”

“ይኸኛውስ?” አልኳት ወደ ገፈርሳ እየጠቆምኩ።

“ይኼንንማ በታክሲ ሳልፍ ሁልጊዜ አየዋለሁ” አለች፤ ወዲያው ያለችው ነገር ለራሷም ገረማትና ዝም አለች።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ዝምታ ነው። ግድብ አጠገብ ያደገች የግድብ ተማሪ፣ የማን እንደሆነ የማታውቀውን ግድብ በመነጽር አምስት ደቂቃ አይታ፣ የምትጠጣውን ውሃ የያዘውን ግድብ በታክሲ መስኮት ታልፈዋለች። ይህ የሷ ጥፋት ነውን?

እኔ በበኩሌ የቴክኖሎጂ ጠላት አይደለሁም። ነገር ግን ከሩቅ ሆኜም አልናገርም፤ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትልቅ ቴሌቪዥን ከፊታችን ተሰቅሎ ጠበቀን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ይመጣል። መምህራችን በመግቢያውና በመዝጊያው ጥቂት ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ መካከሉን ከኛ ጋር ቆመው ያያሉ። ቴሌቪዥኑ “አሁን መልሱን ጻፉ” ይላል። ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ “በጣም ጥሩ!” ብሎ ያመሰግናል። ማንን እንዳመሰገነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ፤ ሳተላይት አይጠብቅም።

አንድ ቀን የፊዚክስ መምህራችን ቴሌቪዥኑን አጠፉና ገመድና ድንጋይ ይዘው ወደ ሜዳ አወጡን። ድንጋዩን በገመድ አስረው እያዞሩ “ብለቀው ወዴት የሚሄድ ይመስላችኋል?” አሉ። ተከራከርን። ለቀቁት። ከዚያ ዓመት ፊዚክስ እስከ አሁን የማስታውሰው ያቺን ድንጋይ ብቻ ነው። መምህራችን ግን “ሥርጭት አቋርጠዋል” ተብለው ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው። ያን ጊዜም የተነገረን ይኸው የዛሬው ቃል ነበር፤ ጥራት ያለው ትምህርት ለሁሉም እኩል ይደርሳል የሚል።

“ታዲያ አብራሪስ የሚሠለጥነው በሲሙሌተር አይደለም ወይ?” የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። የአየር መንገዳችን ማሠልጠኛ፣ ዛሬ የአቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ በዚህ ረገድ በአፍሪካ ስሙ የተጠራ ነው። ሞተር በሰማይ ላይ ሲቃጠል ምን እንደሚደረግ በእውነተኛ አውሮፕላን እያቃጠሉ ማስተማር አይቻልምና እዚያ ምናባዊው ዓለም ተገቢ ቦታውን ይዟል። ኮሮና ግቢዎችን በዘጋ ጊዜም አትላንታ የሚገኘው ሞርሃውስ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ለተማሪዎቹ በመነጽር ኬሚስትሪና ታሪክ አስተምሯል። ይህንን የሚነቅፍ ሰው ቢኖር እኔ አብሬው አልቆምም።

ይሁን እንጂ ከዚያው ከአየር መንገዳችን ታሪክ የምንማረው ሌላ መራራ ነገር አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን በተነሣ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ ነበር። ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት፣ አንዲት መለኪያ የሰጠችውን የተሳሳተ ቁጥር አምኖ አፍንጫውን ወደ መሬት ይደፍቀው እንደነበር ምርመራው አሳይቷል። አየር መንገዱ በዚያው ሰሞን ባወጣው መግለጫ፣ የዚህ አውሮፕላን ሲሙሌተር ካላቸው በዓለም ጥቂት አየር መንገዶች አንዱ እንደሆነ ገልጾ፣ ሲሙሌተሩ ግን የኤምካስን ችግር አስመስሎ እንዲያሳይ ተደርጎ እንዳልተሠራ ተናገረ። ከሁለት ወር በኋላ ቦይንግም የሲሙሌተሩ ሶፍትዌር ጉድለት እንደነበረበት አመነ።

ሲሙሌተሩ አደጋውን አመጣው እያልኩ አይደለም። የምለው ይህንን ነው፦ ምናባዊ ዓለም ውስጥ ሠሪው ካስቀመጠው በስተቀር ምንም ነገር የለም። ሠሪው ያላወቀውን፣ ወይም አውቆ የተወውን፣ ተማሪው መቼም አያገኘውም። እውነተኛው ዓለም ግን ማንም ያላስቀመጠው ነገር ሞልቶበታል። ምርምር የሚባለውም ያንን ማንም ያላስቀመጠውን ነገር ማግኘት ነው። የሰው ዓለም ገዝቶ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ሌሎች የሚያውቁትን ያስተምር ይሆናል፤ ማንም የማያውቀውን ግን ሊጠይቅ አይችልም።

ደግሞስ ይህ ዓለም የማን ርስት ነው? ሰከንድ ላይፍ የሚባል ምናባዊ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2003 ተከፍቶ ነበር። ሃርቫርድን ኤዲንብራን የመሰሉ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ ገቡበት። ብዙዎች “ደሴት” ተከራይተው አዳራሽና ቤተ መጻሕፍት ሠሩ፤ ተሰብሳቢው በካርቱን አካል እየበረረ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባለቤቱ ሊንደን ላብ ለትምህርት ተቋማት ያደርግ የነበረውን የግማሽ ዋጋ ቅናሽ ከቀጣዩ ጥር ጀምሮ እንደሚያነሣ አስታወቀ። ኪራዩ በእጥፍ ሲንር ብዙዎቹ ደሴታቸውን ጥለው ወጡ፤ ቅናሹ ከዓመታት በኋላ ቢመለስም የወጣው ወጥቷል። ተማሪዎችን በመነጽር ዓለምን ያስጎበኝ የነበረው የጉግል ኤክስፔዲሽንስም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ተዘጋ። ባለጸጎቹ ይህንን ይችሉታል፤ ወደ ቤተ ሙከራቸው ይመለሳሉ። እኛስ ቤተ ሙከራውን ትተን መነጽሩን ከያዝን፣ መነጽሩ ሲዘጋ ወዴት እንመለሳለን?

መብራቱንና ኔትወርኩን አንባቢ ከኔ የበለጠ ያውቀዋል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቷል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑት የሚጠፋ ዩኒቨርሲቲ መሥራት ብልህነት ነውን?

ወደ ገፈርሳ ልመለስ። በሐምሌ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ የጎረቤቴን ልጅ ይዤ ወደ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሄድኩ። ኦቦ ረጅም ዘመን በውሃ ማጣሪያ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዱላቸውን ይዘው ተነሡና ሦስታችንም ውሃው የሚታይበት ከፍታ ላይ ቆምን።

“ቀለሙ ምን ይመስላል?” አሏት።

“ቡናማ ነው፣ አባባ።”

“ትናንትስ?” ዝም። “የዛሬ ወርስ?” ዝም።

“እኔ ጠዋት ስገባ ከመሣሪያው በፊት የማየው ቀለሙን ነበር” አሉ። “ክረምት ሲገባ ውሃው ይደፈርሳል። ጭቃውን የሚያጠልለው አሉም ልኩ በየቀኑ ይለያያል። በየብርጭቆው ውሃ ቀድተን፣ አንዱ ላይ ትንሽ፣ አንዱ ላይ በዛ አድርገን ጨምረን እናማስላለን። ቶሎ የጠራውን አይተን የዕለቱን ልክ እንቆርጣለን።”

ልጅቷ ጮኸች፤ “ጃር ቴስት! ጋሼ፣ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ሙሉ ማርክ ነው ያገኘሁት። ግን በየቀኑ ለምን እንደሚያስፈልግ አስቤው አላውቅም።”

ሽማግሌው በዱላቸው ዙሪያውን አሳዩዋት። ያ የታረሰ ተዳፋት፣ ያ ድንጋይ የሚፈለጥበት ጎን፣ ያ ዛፉ ተመንጥሮ ቤት የበቀለበት። “ጭቃው ከዚያ ነው የሚመጣው። ከዚህ ከፍ ብሎ ያለው ግድብ የተሠራው ደለሉን አስቀድሞ እንዲይዝ ነው። እሱም ሆድ አለው፤ ይሞላል።” እኔም ይኸው ወንዝ ከታች የሚደርስበትን የአባ ሳሙኤልን ግድብ አነሣሁ። ለከተማይቱ መብራት ይሰጥ የነበረው ያ ግድብ ደለል ካነቀው በኋላ በ1960ዎቹ ሥራ አቁሞ፣ ለአሥርት ዓመታት ከቆየ በኋላ ነው በጥገና የተነሣው።

ልጅቷ ደብተሯን አወጣች። “በዓመት ስንት ደለል ይገባል? አሁን የቀረው ጥልቀት ስንት ነው? ማነው የሚለካው?” ስትል ጠየቀች። ኦቦ እኔን አዩኝ፤ እኔ ውሃውን አየሁ። አዳራሽ ውስጥ በመነጽር ባየሁት ግድብ ላይ ይህ ጥያቄ ሊነሣ አይችልም። የዚያ ግድብ ውሃ ክረምትም በጋም የጠራ ነው፤ ደለል የለውም፤ ከበላዩ የሚያርስ ገበሬ፣ ከበታቹ ጄሪካን ይዞ የሚሰለፍ ሰው የለውም።

“በጀት የለም፤ ነዳጅ ተወዷል፤ መነጽሩ ይረክሳል” ይባል ይሆናል። ሩቅ ላለው ነገር እስማማለሁ። የሕዳሴውን ግድብ ለማየት ከየዩኒቨርሲቲው ጉባ ድረስ ተማሪ ማጓጓዝ ከባድ ነው፤ የሰው ልብ ውስጥ፣ የአቶም ማብላያ ውስጥም በእግር አይገባም። ለዚያ መነጽሩን አምጡት። ገፈርሳ ግን ከአዲስ አበባ ደጃፍ ላይ ነው፤ የከተማ ታክሲ የሚደርስበት። ደጃፍ ያለውን ነገር ከባሕር ማዶ በምንዛሪ ገዝቶ ማየት ቁጠባ ከተባለ፣ ብክነት ምን ሊባል ነው?

ይልቅስ ምናባዊውን ዓለም ከወደዳችሁት ለተማሪው አታሳዩት፤ አሠሩት። የጎረቤቴን ልጅና ጓደኞቿን “ገፈርሳን በመነጽር ውስጥ ሥሩልን” በሏቸው። ይህን ለመሥራት መጀመሪያ መምጣት አለባቸው። ጥልቀቱን በጀልባና በገመድ መለካት፣ የክረምቱን ውሃ በጠርሙስ መቅዳት፣ ደለሉን መመዘን፣ ተዳፋቱን የሚያርሰውን ገበሬ በኦሮምኛ ማነጋገር፣ እንደ ኦቦ ያሉ ጡረተኞችን ሳያልፉ መጠየቅ አለባቸው። ያን ጊዜ የሚሠሩት ግድብ ደለል ይኖረዋል። ጎንደር ያለው ተማሪም መነጽሩን አጥልቆ የሚያየው ግድብ ከነችግሩ የራሱ አገር ግድብ ይሆናል።

ኃላፊው ይህን ጽሑፍ ካነበቡት አንድ ግብዣ አለኝ። አንድ ቅዳሜ ከአስኮ ታክሲ ይያዙና ገፈርሳ ይምጡ። ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። ኦቦ ዱላቸውን ይዘው ይጠብቁናል፤ ልጅቷም ያልተመለሱ ጥያቄዎቿን ይዛ ትመጣለች። መነጽሩን ግን እቤት ይተዉት።