ለፎቶ የተመረጠ ተራራ

የሲያትል አበሻ የሽርሽር ተራራ የሚመርጠው እንደ ሰርግ አዳራሽ ነው፤ ፎቶ ላይ እንዴት እንደሚያምር አይቶ። ቅዳሜ ማታ ስልኩ ላይ ከገደል ጫፍ ቆሞ እጁን የዘረጋ ሰው ያያል። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ቤተሰቡን መኪና ውስጥ ከትቶ ወደ ራትልስኔክ ሌጅ ይነዳል። ከኋላ ወንበር ላይ በቅርቡ ከአገር ቤት የመጡ እናቱ ተቀምጠዋል፤ ቤተ ክርስቲያን የሳሙበትን ጫማ እንኳ አልቀየሩም።

ራትልስኔክ ሌጅ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ኖርዝ ቤንድ አጠገብ ነው። መንገዱ ከ350 ሜትር በላይ ሽቅብ ያስወጣል፤ ጫፉ መከለያ የሌለው ገደል ነው። ፀሐይ በወጣበት እሑድ መኪና ማቆሚያ ማግኘቱ ራሱ ፈተና ነው። ማውንት ሳይ የተመኘማ ደርሶ መልስ 13 ኪሎ ሜትር ግድም፣ ከ900 ሜትር በላይ ዳገት ይጠብቀዋል። ቦታዎቹ አያምሩም አልወጣኝም። ጠቤ ከምርጫው ጋር እንጂ ከተራራው ጋር አይደለም።

ውጤቱን እናውቀዋለን። እናት ትንሹን ልጅ ይዘው ታች ሐይቁ ዳር ይቀመጣሉ፤ ሌላው ወጥቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ «እማዬ እኮ መራመድ አትችልም» ይባልና ከአፓርታማው ንቅንቅ የለም። ገበያውን፣ ለቅሶውን፣ ንግሡን በእግራቸው ሲያዳርሱ የኖሩ ሴት! ያቃታቸው መራመድ ሳይሆን የልጃቸው ፎቶ ነው።

«ሁለት ሥራ እየሠራን በወር አንድ ቀን ብናገኝ ምርጡን ብናይባት ምናለበት?» የሚሉኝ አሉ። ምርጡ ለማን? ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የሽፋኑን ሥዕል አይተው መጽሐፍ የሚመርጡ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ ብዙዎቹ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይቀሩ ነበር። መንገድም እንደዚያው ነው። የሚለካው አብረው ከሚሄዱት ሁሉ በደከመው እግር ነው። ሰዓቱም ይታሰብ፤ ሲያትል በዲሴምበር ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። ከተማው ሲሞቅ ከፍታው ላይ በጁን እንኳ በረዶ ሊኖር ይችላል።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? ከሬይኒየር ጎዳና ምግብ ቤቶቻችን ብዙም ሳይርቅ ሴዋርድ ፓርክ አለ። ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ ገባ ያለ መሬት ነው፤ ዙሪያው ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሜዳ መንገድ፣ መሃሉ ዕድሜ ጠገብ ጫካ። ሰማዩ ሲጠራ ሬይኒየር ተራራ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ ከዚያው ይታያል። ባሕር ካማራችሁ ደግሞ ዲስከቨሪ ፓርክ አለላችሁ፤ የቀድሞ የጦር ሠፈር፣ ከዳርቻው በ1881 የተሠራ የመርከቦች መብራት ቤት፣ ከማዶ የኦሊምፒክ ተራሮች። ወደ ባሕሩ የሚወርደው መንገድ ሲመለሱ ዳገት መሆኑን ብቻ አትርሱ፤ አዛውንት ከያዛችሁ ከላይ ሆናችሁ ባሕሩን ማየት ይበቃል።

እነዚህን በየሳምንቱ መመላለስ ይቻላል። በዓመት አንዴ የሚታይ ገደል ግን ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለጉልበት አይሆንም።

እናም ወገኔ፣ ማውንት ሳይ የትም አይሄድም፤ ከርሞም ይደርሳል። የእናትህ ቪዛ ግን ቀን አለው።