ኩንታሉ በሚዛን፣ ላቡ በግምት

በጎንደር ከተማ ወደ አንድ የእህል ወይም የሰሊጥ መጋዘን ጎራ ያለ ሰው ከበሩ ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ሚዛኑን ነው። ከመተማና ከአብደራፊ የመጣው ሰሊጥ ይመዘናል። ከወገራና ከዳባት የወረደው ስንዴና ገብስ ይመዘናል። ከአንዱ ጆንያ ግማሽ ኪሎ ቢጎድል ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ባለንብረቱ ይጮኻል፣ ሾፌሩ ይጠየቃል። ይህ ደግ ነው፤ ንብረት ሊጠበቅ ይገባዋልና አንቃወምም። የምንጠይቀው ሌላ ነው። ያንን ኩንታል ከመኪና ያወረደው፣ በትከሻው የተሸከመው፣ እስከ ጣራው ጥግ የደረደረው ሰው ላቡ በምን ሚዛን ተመዘነ? የሠራበት ሰዓትስ በየትኛው መዝገብ ሰፈረ?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። በግምት ነው፤ «እንካ፣ ይበቃሃል» በሚባል ግምት።

«የጫኝና አውራጅ ነገር ከተማሪ ጋር ምን አገናኘው?» የሚሉን አይጠፉም። እኛም መልሰን እንጠይቃቸዋለን። ከመካከላችን የአባቱ ትከሻ በጆንያ የተላጠ ስንቱ ነው? በክረምት ደብተሩን አስቀምጦ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት የሚሄደውን ማዳበሪያ ሲጭን የከረመስ ስንቱ ነው? በምግብ ቤታችን ማዕድ የሚቀርበው እንጀራ እንኳ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ያለፈ ነው። ማንበብና ማስላት የተማርነው በዚያ ጀርባ ከሆነ፣ ማንበቡንና ማስላቱን ለዚያ ጀርባ መመለስ ዕዳችን እንጂ ቸርነታችን አይደለም።

በቅርቡ ከመካከላችን ጥቂቶች በአዘዞ በኩል መኪና ከሚጠብቁ ሠራተኞች ጋር አንድ ምሽት ተቀምጠን ነበር። ጠጉራቸው የሸበተ አንድ አባት ዘንድ ቀርበን፣ «ጋሼ፣ ባለፈው ወር ስንት ትርፍ ሰዓት ሠሩ?» ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁና፣ «ልጆቼ፣ ሰዓቱን የሚያውቀው መኪናው ነው» አሉን። ውድ አንባቢያን፣ ይህ ቀልድ አይደለም። ሰዓቱን መኪናው ብቻ የሚያውቀው ከሆነ ገንዘቡንም የሚያውቀው የመኪናው ጌታ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሕጉ ግን ሰዓቱን ያውቃል። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ የሚያልፈው ትርፍ ሰዓት ነው፤ ትርፉም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት ሊያልፍ አይችልም። ክፍያውም እንዲህ ነው፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራው ትርፍ የመደበኛው የሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራው በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን የተሠራው በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን የተሠራው ትርፍ ሰዓት ደግሞ በ2.5 ይባዛል። «የቀኑ በ1.25፣ የሌሊቱ በ1.5 ነው» የሚል አለቃ ካጋጠማችሁ፣ የሚጠቅሰው የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 ነውና ያ ሕግ እንደተሻረ በትሕትና አስታውሱት።

ቁጥር ሲበዛ ያደናግራልና በምሳሌ እናስላው። ለስሌት እንዲመቸን የአንድ ሠራተኛ የወር ደመወዝ 4,160 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 208 ሰዓት ይሠራል። 4,160 ለ208 ሲካፈል በሰዓት 20 ብር ይሆናል። ይህ ሠራተኛ የቀን ሥራውን ከጨረሰ በኋላ መኪና መጣ ተብሎ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ሲያራግፍ አመሸ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓቶች በ30 ብር 60 ብር ናቸው። የቀሩት ሁለቱ በ35 ብር 70 ብር ናቸው። ድምሩ 130 ብር ነው። አለቃው ግን «አራት ሰዓት በሃያ ብር፣ ሰማንያ ብር ውሰድ» ቢለው ሠራተኛው አመስግኖ ይሄዳል፤ 50 ብር ግን መጋዘኑ ውስጥ ቀረ። ይህ በሳምንት ሦስት ሌሊት ቢደጋገም 150 ብር ነው። በስድስት ወር፣ ማለትም በ26 ሳምንት፣ 3,900 ብር ይሆናል። የአንድ ወር ደመወዝ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ገንዘብ፣ ያለ ጠብና ያለ ጩኸት፣ ከአንድ ሰው ኪስ ወጣ። ከጆንያው ግማሽ ኪሎ ሲጎድል የጮኸው ሰው አሁን የት አለ?

ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት ምክንያት ሦስት ዓይነት ነው። ሦስቱንም እንመርምር።

አንደኛው፣ «ይህ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሕግ የለውም» የሚለው ነው። ሐሰት ነው። በአዋጁ መሠረት አንድ ሰው በሌላው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ሊሠራ ከተስማማ የሥራ ውል አለ፤ ውሉ ለተወሰነ ጊዜ ይሁን፣ ላልተወሰነ ጊዜ ይሁን፣ ለተወሰነ ሥራ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን በቃል፣ ውል ነው። በጽሑፍ ካልሆነም አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚፈቀደው ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ብቻ ነው። የሰሊጥ ወቅት ከእነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል። በአንድ መጋዘን ዓመት ከዓመት በየማለዳው እየገባ ያንኑ ሥራ የሚሠራውን ሰው ግን «የቀን» ብሎ መጥራት ሌላ ምንም ሳይሆን ስም ማውጣት ነው፤ ስም ደግሞ መብትን አይሽርም። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ፤ በማኅበር ተደራጅተው፣ ራሳቸው ዋጋ ተነጋግረው፣ በራሳቸው ኃላፊነት በኩንታል የሚጭኑ ወንድሞች አቋማቸው ሌላ ነው። እነርሱ ሊጠይቁ የሚገባቸው የማኅበራቸውን ሒሳብ ነው፦ በኩንታል ስንት ገባ? ለአባል ስንት ደረሰ? ካቦውስ ስንት ወሰደ?

ሁለተኛው፣ «ተስማምቶ ነው የገባው» የሚለው ነው። የተራበ ሰው የማይስማማበት ነገር የለም። ሕጉ ይህን ስለሚያውቅ የሥራ ውል ከሕጉ ያነሰ ሁኔታ ሊያስቀምጥ እንደማይችል ደንግጓል። በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ የሚሰጠውን የዓመት ፈቃድ «ትቻለሁ» ብሎ ሠራተኛው ቢፈርም እንኳ ፊርማው ዋጋ የለውም። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ ይህም በአሠሪው በጎ ፈቃድ የሚሰጥ አይደለም።

ሦስተኛው፣ «መኪና ካልመጣ ምን ሥራ አለና ይከፈለው?» የሚለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ይህ ጥያቄ በጎንደር የዕለት ጥያቄ ሆኗል። የነጋዴው ችግር እውነት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን አዋጁ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የተገኘ ሠራተኛ በራሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙ እንደሚከፈለው ይናገራል። ከማለዳ ጀምሮ በመጋዘኑ በር ላይ እንዲቀመጥ የታዘዘ ሠራተኛ ጊዜውን ሸጧል። የመንገዱን መዘጋት ጉዳት ሁሉ ከነጋዴው ጫንቃ አውርዶ በጫኙ ጫንቃ ላይ መደርደር ፍርድ አይደለም።

ስለ ጫንቃ ካነሣን ዘንድ ስለ ክብደቱም እንናገር። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1959 ዓ.ም. ባወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 128 አንድ ጎልማሳ ወንድ በእጅና በትከሻ የሚያጓጉዘው ሸክም ከ55 ኪሎ በላይ በሆነበት አገር ሁሉ በቶሎ ወደዚያ እንዲወርድ መክሯል። የእኛ ኩንታል መቶ ኪሎ ነው። መቶ ኪሎ ተሸክሞ በሳንቃ ላይ ሲወጣ ወገቡ የተቀጨ ሰው «አላህ ይማርህ፣ እግዜር ይማርህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሸኛል። ሕጉ ግን በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ነው ይላል። የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ነው። ለጊዜው መሥራት ላልቻለው ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ምርቃቱን እንቀበላለን፤ ክፍያውም ይጨመርበት።

ሕጉን ብናመሰግንም ጉድለቱን አንሸፍንም። ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝን የሚመለከት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አዘዘ እንጂ በብር የተቆረጠ ወለል ራሱ አላስቀመጠም። በ1.5 የሚባዛው መነሻ ራሱ ትንሽ ከሆነ ብዜቱም ትንሽ ነው። ወለሉ ሳይጣል ጣራው ቢያምር ምን ይፈይዳል? ስለዚህ የስሌቱን መብት ስንጠይቅ የመነሻውንም ጥያቄ አንረሳም።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ግን ጊዜ ነው። ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ይከፈለኝ የሚል ሠራተኛ ክፍያው ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልጠየቀ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። «ዛሬ ነገ እንከፍልሃለን፣ ታገሥ» የሚለው ለስላሳ ቃል ምን እንደሚሠራ አሁን ተመልከቱት። ያ 3,900 ብር በትዕግሥት ይቀልጣል። ትዕግሥት በሌላ ቦታ በጎ ምግባር ነው፤ በይርጋ ፊት ግን ለባለዕዳው የሚከፈል ጉርሻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምንለው ሦስት ነገር ነው።

ለመጋዘን ሠራተኞች፦ አንድ አንድ ትንሽ ደብተር ያዙ። የገባችሁበትን ሰዓት፣ የወጣችሁበትን ሰዓት፣ የተቀበላችሁትን ብር በየዕለቱ ጻፉ፤ መጻፍ ያልቻለ በልጁ ያስጽፍ። አሠሪውም የደመወዙን ልክ፣ ስሌቱንና የተቀነሰውን የሚያሳይ መዝገብ ይዞ የማስፈረም ግዴታ አለበትና፣ ሳታነቡ አትፈርሙ። ከወር ደመወዝ የሚቀነሰው በጠቅላላው ከሲሶ ሊበልጥ እንደማይችልም እወቁ። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። አባቶቻችን ማኅበር በማይፈቀድበት ዘመን በእድር ስም እየተሰበሰቡ ነበር መብታቸውን የተነጋገሩት፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እንዲህ ያለ ድካም ከቀደመው በኋላ ነው። እነርሱ በእድር ስም ያደረጉትን እናንተ በሕግ ስም ማድረግ አያቅታችሁም።

ለነጋዴዎችና ለመጋዘን ባለቤቶች፦ ጠላቶቻችሁ አይደለንም። ሚዛናችሁን የምታምኑትን ያህል የሰዓት መዝገብንም እመኑ። በሐቅ የሚከፍል ነጋዴ በሚሰርቅ ነጋዴ እንዳይሸነፍ የሚጠብቀው ሕግ ይኸው ሕግ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች፦ በተለይ ሕግ የምታጠኑ ጓደኞቻችን፣ አዋጁን ለፈተና ብቻ አትሸምድዱት። በቅዳሜ ገበያ ጥግ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ይበቃናል። ሠራተኛው ደብተሩን ይዞ ይምጣ፤ እኛ እናስላለት፤ የሚጎድለው ከተገኘ ከስድስት ወሩ በፊት ማመልከቻውን እንጻፍለት። ሠራተኛ ለሚያቀርበው የሥራ ክርክር የዳኝነት ገንዘብ አይጠየቅምና ድህነቱ ከፍርድ ቤቱ ደጅ አይመልሰውም። የሚመልሰው አለማወቁና ብቻውን መሆኑ ነው። ሁለቱንም ልናስቀርለት እንችላለን።

«ሰዓቱን የሚያውቀው መኪናው ነው» ያሉን አባት ዛሬ ማታም እዚያው በር ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ስንጠይቃቸው ከኪሳቸው ደብተር አውጥተው እንዲያሳዩን እንፈልጋለን። ኩንታሉ በሚዛን ከተመዘነ፣ ላቡም በሚዛን ይመዘን!