የድኅረ ምረቃ ተማሪው ከመመረቂያ ጽሑፉ ባሻገር

በየዓመቱ መጠይቅ የያዙ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ወደ ገጠር ቀበሌዎች ይወርዳሉ። አርሶ አደሩ ሥራውን አቋርጦ ስለ ማሳው ስፋት፣ ስለ ተጠቀመው ማዳበሪያና ስላገኘው ምርት ይመልስላቸዋል። ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ግን የጥናቱ ውጤት ወደዚያ ቀበሌ የሚመለሰው ከስንት አንዴ ነው። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ይህን በተማሪው ቸልተኝነት ብቻ ማሳበብ አይቻልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት በ1970ዎቹ መባቻ ሲጀመር ትኩረቱ ለከፍተኛ ትምህርትና ለምርምር ተቋማት የሰው ኃይል ማፍራት ነበር። ዛሬ ተመራቂው ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ባንክ፣ ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅትም ይሄዳል። በእነዚህ ቦታዎች የሚፈለገው በጀት ማስተዳደር፣ ፕሮጀክት መቅረጽ፣ ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራትና ዕውቀትን በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ነው። አማካሪ መምህሩ በዋናነት የሚከታተለው ግን ጽሑፉን ነው።

የእነዚህ ክህሎቶች ዋጋ በፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ሥራ ይታያል። በዓለማያ ግብርና ኮሌጅ የተማሩት ተመራማሪ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በአሜሪካ ካገኙ በኋላ በሱዳን ድርቅን የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አበለጸጉ። ዘሩ ማሳ ላይ እንዲደርስም የዘር ብዜቱ፣ የጥራት ቁጥጥሩና የገበሬዎች ሥልጠናው እንዲደራጅ ወተወቱ። ቆይተውም አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አፍርተው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ምርምሩ ብቻውን እዚህ ባላደረሰ ነበር።

የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን ኅብረተሰቡን እንዲያገለግሉ ይጠብቃል። ይህ ኃላፊነት ከድኅረ ምረቃ ክፍል ሊጀምር ይገባል። ተማሪው እንደገባ ከአማካሪው ጋር የሙያ ዕቅድ ቢያወጣ፣ የክህሎት ሥልጠናው በመደበኛው መርሐ ግብር ቢካተት፣ ከመመረቁ በፊትም የጥናቱን ፍሬ ነገር በሁለት ገጽ በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ቢያስረክብ ለውጥ ይመጣል።

በርካታ ተማሪዎችን የሚያማክሩ መምህራን ጊዜ እንደሚያጥራቸው፣ የምርምር በጀትም ጠባብ እንደሆነ እሙን ነው። ሁለት ገጽ ጽሑፍ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለተማሪው በሥራ ዓለም የሚጠብቀውን የማስረዳት ክህሎት ያለማምደዋል፤ መጠይቁን ለሞላው አርሶ አደርም የሚገባውን መልስ ይሰጠዋል።