አንካሳ ውሻ እብድ አይደለም

«ለውሻ ፊዚዮቴራፒ የፈረንጅ ቅንጦት ነው፤ ያነከሰውን መግደል ይሻላል» የሚለውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ዛሪማን አያውቋትም መሰል። ከሊማሊሞ ግርጌ ባለው በዚህ ቆላ ሌሊት ጅብን ከበረት የሚመልሰው ውሻ ነው። ዘበኛን መግደል ቁጠባ ሆኖ ነው?

ቅንጦት የተባለውስ ምንድን ነው? ለቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ማኖር፤ ከዚያ እግሩን ሳያስጮኹ ቀስ አድርጎ ማጠፍና መዘርጋት፤ ዳገት ትቶ ሜዳ ላይ በአጭር በአጭሩ ማስኬድ፤ ከወፈረም ማክሳት። ወጪው ማገዶ ብቻ ነው። የሚጎዳውስ ከሰው የተረፈ አይቡፕሮፌን መስጠት ነው፤ ጨጓራውን ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ያበላሻል።

ስብራት በእሽት ይዳን አላልኩም፤ እሱን ሐኪም ይየው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናንም የሰው ፊዚዮቴራፒንም ያስተምራል። ሁለቱን ሙያ ማገናኘት እንጂ ጥይት መቁጠር ምን ይባላል?